ፕሮሞሽን ከፍዬ ለምን አልሸጥኩም? ማርኬቲንግና ሕዝብ ግንኙነት ለትንሽ ቢዝነስ

ገበያ ሲቀዘቅዝ ባለሱቁ መጀመሪያ የሚያስበው ፕሮሞሽን ነው። ፔጄን ቡስት ላስደርግ፣ ቲክቶከር ልጥራ፣ ባነር ላሠራ ይላል። በተለይ ከ2016 ጀምሮ የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ከፒያሳ ተነስቶ ብዙ ሰፈር ሲገባ ስንትና ስንት ዓመት አንድ ጥግ ላይ የኖሩ ሱቆች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ኬክ ቤቶች ቦታ ቀይረዋል። ደንበኛቸው ደግሞ "ከሲኒማው ጎን ያለው ቤት" ብሎ ነው እንጂ የሚያውቃቸው ስማቸውን እንኳ በደንብ አልያዘም፣ ስልካቸውም የለውም፣ እነሱም የሱን አልያዙም። ታዲያ ቦታው ሲጠፋ ደንበኛውም አብሮ ጠፋ፣ ከዛ በኋላ ነው ማስታወቂያ ፍለጋ የሚመጣው።

ማስታወቂያ ክፉ ነገር አይደለም፣ ይሠራል። ግን የሚሠራው ለአንድ ዓይነት ችግር ብቻ ነው፣ ያለባችሁ ችግር ሌላ ከሆነ ብሩ ዝም ብሎ ይፈሳል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ነገርየው እንዴት እንደሚሠራ እንየው።

ማስታወቂያ፣ ማርኬቲንግ፣ ሕዝብ ግንኙነት፣ ልዩነታቸው ምንድነው?

ማርኬቲንግ ሰፊው ነው። ምን ልሽጥ፣ ለማን፣ በስንት፣ የት ሆኜ፣ ሰው እንዴት ይስማኝ የሚለውን ሁሉ ይይዛል። ማሸጊያችሁ፣ ዴሊቨሪያችሁ፣ ስልክ ስታነሱ የምትናገሩበት ድምፅ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ማስታወቂያ ከዚህ ውስጥ አንዱ ቁራሽ ነው፣ ከፍላችሁ የምታስነግሩት ማለት ነው፣ የከፈላችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ምን እንደሚባልም የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ሕዝብ ግንኙነት፣ ፒአር የሚሉት፣ ከዚህ ይለያል። እሱ ሌላ ሰው ስለናንተ የሚለው ላይ ነው የሚሠራው፣ ደንበኛ፣ ጎረቤት፣ ጋዜጠኛ፣ የሰፈር ግሩፕ ላይ "በርበሬ የት ይገዛል?" ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ሰው። እነሱን ማዘዝ አይቻልም፣ ግን ጥሩ እንዲሉ የሚያደርግ ነገር መሥራት ይቻላል።

ትዳር ሲጠየቅ ልጁ ራሱ ሄዶ "እኔ ጨዋ ነኝ፣ ሠራተኛ ነኝ" ቢል ማን ይሰማዋል? ሽማግሌ የሚላከው ለዛ ነው፣ የልጅቷ ቤተሰብም ሽማግሌው ከሄደ በኋላ "የማን ልጅ ነው፣ ጠባዩ እንዴት ነው" ብሎ ሰፈሩን ያጠያይቃል። ማስታወቂያ ልጁ ራሱ ሲናገር ነው፣ ፒአር ሽማግሌውና የሰፈሩ ምስክርነት ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቤቷ ውስጥ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ የምትሸጥ ሴት አለች እንበል። ሰው ከሷ ከመግዛቱ በፊት የሚፈራው ነገር ይታወቃል፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ የሚል ወሬና ዜና ስንቴ ሰምቷል። ስለዚህ ፎቶዋን 50 ሺህ ሰው ቢያየውም "ልመናት ወይ?" የሚለው ጥያቄ እንዳለ ነው። ማስታወቂያ "አላውቃትም" የሚለውን ይፈታል፣ "አላምናትም" የሚለውን ግን አይፈታም። ብዙ ትንሽ ቢዝነስ ብሩን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው፣ ችግሩ እምነት ሆኖ ሳለ እይታ ይገዛል።

ፎሎወር አለኝ፣ ቡስትም አደርጋለሁ፣ ለምን አይሸጥም?

ቡስት ማለት ፌስቡክ ወይም ኢንስታግራም ፖስታችሁን ለማያውቋችሁ ሰዎች በክፍያ እንዲያሳይላችሁ ማድረግ ነው። ሲስተሙ መጀመሪያ "ምን ትፈልጋላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ላይክና ኮሜንት ነው፣ መልእክት እንዲጻፍላችሁ ነው ወይስ ሌላ። ብዙ ሰው ይሄን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ግን ላይክ ብላችሁ ከመረጣችሁ ላይክ ማድረግ የሚወዱ ሰዎችን ፈልጎ ያመጣላችኋል፣ የጠየቃችሁትን ነው ያደረገላችሁ። ለባልትና ሴትዮዋ የሚሻለው መልእክት የሚለው ነው፣ ምክንያቱም ሽያጯ የሚጀምረው ሰው ሲጽፍላት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቦታ ነው። ዴሊቨሪያችሁ ከሰሚት እስከ መገናኛ ብቻ ከሆነ ማስታወቂያው ሐዋሳና መቀሌ ላለ ሰው የሚታይበት ምክንያት የለም፣ ካርታው ላይ አካባቢውን ማጥበብ ይቻላል። ክፍያው ውጭ አገር በሚሠራ ካርድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ቡስት የሚያደርጉ ልጆችን ይጠቀማል፣ ይሄ ችግር የለውም፣ ግን ፓስወርድ አትስጡ። ፔጁ ላይ ማስታወቂያ ብቻ እንዲሠራ የሚያስችል ፈቃድ መስጠት ይቻላል፣ ሥራው ሲያልቅም ታነሱታላችሁ። ፓስወርድ ሰጥቶ ከልጁ ጋር ሲጣላ ስንት ዓመት የለፋበትን ፔጅ ያጣ ሰው አለ።

የተገዛ ፎሎወር ደግሞ ምንም አይጠቅምም፣ ይጎዳል እንጂ። ሰው ያልሆነ አካውንት ሽሮ አይገዛም፣ 30 ሺህ ፎሎወር ያለው ፔጅ ላይ 4 ላይክ ብቻ ሲታይም ገዢው ወዲያው ይጠረጥራል።

ቴሌግራም ቻናል በዚህ ይለያል። እዛ የለጠፋችሁትን ለአባሎቻችሁ እየመረጠ የሚያሳይ ወይም የሚደብቅ አልጎሪዝም የለም፣ አባል የሆነ ሁሉ ይደርሰዋል፣ ስንት ሰው እንዳየውም ከሥሩ ይታያል። ስለዚህ አዲስ ሰው መሳቢያው ፌስቡክና ቲክቶክ ይሁን፣ የመጣውን ሰው ማቆያው ግን ቴሌግራም ይሁን። ግን እሱም ብቻውን አይበቃም፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ዋጋውን ልለጥፍ ወይስ "በውስጥ መስመር"?

ለጥፉ። ይሄን ነገር በጣም ነው የማምንበት። "ዋጋ በኢንቦክስ" የሚለው ልማድ ባለሱቁ ተፎካካሪ እንዳያይበት ወይም ሰውን ወደ ወሬ ለመሳብ ያደረገው ነው፣ ገዢው ዘንድ ግን "ፊቴን አይተው ዋጋ ሊጠሩብኝ ነው" የሚል ስሜት ነው የሚፈጥረው። ዝም ብሎ ያልፋል፣ ያለፈው ሰው ደግሞ አይቆጠርም፣ የጻፈላችሁን ብቻ ስለምታዩ የሚሠራ ይመስላችኋል። በዛ ላይ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ ወይም ዕቃው ላይ እንዲለጥፍ ያዛል፣ ዋጋን ማወቅ የገዢው መብት ተደርጎ ነው የታየው።

የኪሎ ዋጋው፣ ዴሊቨሪው ለብቻው፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ሦስቱን ጻፉ። ዋጋ ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥበት ጊዜ "እስከ መጋቢት 15 በዚህ ዋጋ" ማለት ሁለታችሁንም ያድናል።

ሌላ ትንሽ የምትመስል ግን ሽያጭ የምታስቀር ነገር አለች። ደንበኛው በቴሌብር ወይም በባንክ አፕ ሊከፍል ሲል የተቀባዩ ስም ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ፔጁ ላይ ያየው ስም "እናት ባልትና" ሆኖ እዛ ላይ የማያውቀው ወንድ ስም ሲመጣ ይደነግጣል፣ አጭበርባሪ መሰለው፣ ያቆመዋል። ቀድማችሁ "ሲከፍሉ የሚመጣው ስም የባለቤቴ ነው፣ እገሌ እገሌ ይላል" ብላችሁ ብትጽፉለት ያልቃል፣ ብትችሉ ደግሞ በንግድ ስማችሁ የነጋዴ አካውንት ብትከፍቱ ይሻላል።

ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል ወይም ከዱባይ ሆነው እዚህ ላለ ቤተሰብ ለሚያዙ ሰዎች እምነቱ ከዚህም በላይ ነው፣ ዕቃውን በዓይናቸው አያዩትማ። ለነሱ ከታሸገ በኋላና ከደረሰ በኋላ ፎቶ መላክ፣ የተቀባዩን ፈቃድ ጠይቆ ማለት ነው፣ ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ ይሠራል። አንድ የረካ ሰው ስክሪንሹቱን የዘመድ ግሩፕ ላይ ይለቀዋል።

ቲክቶከር ልክፈል?

ሊሠራ ይችላል። ግን ስንት ፎሎወር አለው ብቻ ሳይሆን ፎሎወሮቹ የት ነው ያሉት ብላችሁ ጠይቁ፣ አካውንቱ ውስጥ ተመልካቹ ከየትኛው አገርና ከተማ እንደሆነ የሚያሳይ ገጽ አለ፣ ስክሪንሹት ይላክላችሁ። ግማሹ ተመልካች ዓረብ አገር ያለ ከሆነ የሰሚት ኬክ ቤት ምን ይጠቀማል? ከዚህ በፊት ያስተዋወቃቸውን ሁለት ሦስት ሱቆች ደውላችሁ ጠይቁ። ቪዲዮው ላይ አድራሻና ስልክ እንዲኖር፣ ለስንት ቀን እንደማይጠፋም በጽሑፍ ተስማሙ፣ በቴሌግራም መልእክትም ቢሆን።

እና ማስታወቂያ መሆኑ ይታወቅ። ተከፍሎት እንደ ተራ ደንበኛ መስሎ "በአጋጣሚ ገብቼ" ሲል ሰው አሁን አሁን ይነቃል፣ ሲነቃ ደግሞ የሚያጣው እናንተን ማመን ነው። የማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ዕቃው የሌለውን ጥቅም አለው ማለትና የሌላውን ዕቃ ማንቋሸሽም እዛ ውስጥ ነው። ምግብ የምትሸጡ ሰዎች በተለይ ተጠንቀቁ፣ "ይሄ ማር ስኳር ያድናል፣ ይሄ ሻይ ደም ግፊት ያጠፋል" ማለት ከሕጉም በላይ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ጋዜጠኛ ስለኔ እንዲያወራ እንዴት ላድርግ?

"ምርጥ ሽሮ አለን" ዜና አይደለም። ጋዜጠኛ የሚፈልገው ተመልካቹን የሚጠቅም ነገር ነው፣ እናንተ ደግሞ ሥራው ውስጥ ስላላችሁ እሱ የማያውቀውን ታውቃላችሁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ከዛ በፊት ባለው ሳምንት ብዙ ቤት የሽሮ ዋጋ ያስባል። ሴትዮዋ ለአንድ ሬዲዮ ፕሮግራም እንዲህ ብላ ብትጽፍስ፦

"ጤና ይስጥልኝ። የባልትና ሥራ አለኝ። ጾሙ ሊገባ ስለሆነ የአተርና የሽምብራ ዋጋ ዘንድሮ ምን እንደሚመስል፣ ንጹሕ በርበሬን ከተቀላቀለው በቤት ውስጥ እንዴት መለየት እንደሚቻል ለአድማጮቻችሁ ማስረዳት እችላለሁ። ሥራ ቦታዬ መጥታችሁ ሲፈጭና ሲታሸግ መቅረጽም ትችላላችሁ። ስልኬ ይሄ ነው።"

አጭር ናት፣ ስለራሷ አላወደሰችም፣ ጊዜውን ጠብቃለች፣ በሯንም ከፍታለች። አንዱ ባይመልስ ሌላው ይመልሳል። ለዘገባ ግን ብር አትክፈሉ፣ ከከፈላችሁ ማስታወቂያ ነው፣ እንደ ማስታወቂያ ይነገር።

ጊዜ ስል፣ የኛ አገር ገበያ በበዓልና በጾም ነው የሚሄደው። ለሠርግ የሚሠራ ሰው ጥር ከመድረሱ በፊት፣ ዩኒፎርም ሰፊው ነሐሴ ላይ፣ ቴምር ሻጩ ረመዳን ሳይገባ መታየት አለበት። የበዓል ባዛሮችም ጥሩ ናቸው፣ ግን የቦታ ኪራዩን እዛው ሸጣችሁ ብቻ ለመመለስ አትሂዱ፣ ቀምሶ የወደደውን ሰው ስልክ ይዛችሁ ውጡ።

ስሜን አጠፉብኝ፣ ምን ልመልስ?

ፒአር ከምንም በላይ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው፣ እና ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ጋ ነው። አንዲት ደንበኛ 80 ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ "ከዚህ ቤት የገዛሁት ሽሮ ውስጥ ጠጠር አገኘሁ" ብላ ከነፎቶው ለጠፈች እንበል። መጀመሪያ የሚመጣው ንዴት ነው፣ ኮሜንቱን ማጥፋት፣ ብሎክ ማድረግ፣ "ተፎካካሪ ልኮሽ ነው" ማለት፣ እከሳለሁ ማለት። ሁሉም ነገሩን ያባብሱታል፣ ምክንያቱም የሚያነበው ሕዝብ ጠጠሩን አላየውም፣ የሚያየው የናንተን መልስ ነው፣ ከሱ ተነስቶ ነው የሚፈርደው። የጠፋ ኮሜንት ደግሞ ስክሪንሹት ሆኖ ይመለሳል።

እንዲህ ቢመለስስ፦

"እህታችን፣ ያጋጠመሽ ነገር በጣም ያሳዝናል፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን ብትነግሪን የትኛው ቀን የተፈጨ እንደሆነ እናያለን፣ እስክናጣራ ድረስ ከዛ ቀን የቀረውን መሸጥ አቁመናል። ብርሽን ዛሬውኑ እንመልሳለን፣ ያገኘነውንም እዚሁ እንጽፋለን።"

አያችሁ፣ ያልታወቀውን አላመነችም፣ አልካደችም፣ የምታደርገውን ነው የተናገረችው። በዛው ቀን፣ በዛው ቦታ፣ ሁሉም በሚያየው። ዝርዝሩን ከዛ በኋላ በውስጥ መጨረስ ይቻላል። ይሄ እንዲሆን ግን ማሸጊያው ላይ ቀን ሊኖር ይገባል፣ የተፈጨበትን ቀን በማርከር ብትጽፉትም ይበቃል፣ ያለዛ ችግር ያለበትን 10 ኪሎ ከቀረው 200 ኪሎ መለየት አትችሉም።

ወሬው ውሸት ከሆነስ? ያኔም ንዴት ሳይሆን ማስረጃ ነው የሚሠራው። ናሙና ወስዶ እንደ ኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ያለ ላብራቶሪ ያለው ተቋም ማስመርመር፣ ውጤቱን እንዳለ መለጠፍ፣ "ኑና ሲፈጭ እዩ" ማለት።

በዓለም ላይ ፒአር የሚማሩ ሰዎች ሁሉ የሚያነሱት ታሪክ አለ። በ1982 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቺካጎ አካባቢ ታይለኖል የሚባለውን የራስ ምታት መድኃኒት የወሰዱ 7 ሰዎች ሞቱ፣ አንድ ያልታወቀ ሰው ሱቅ ላይ ያሉ ዕቃዎችን ከፍቶ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ጨምሮበት ነው። ጥፋቱ የአምራቹ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ አልነበረም፣ ግን "እኛ አይደለንም" ብሎ አልተቀመጠም፣ ሕዝቡን አትውሰዱ ብሎ አስጠንቅቆ ከመላው አሜሪካ ወደ 31 ሚሊዮን የሚጠጋ ዕቃ ከገበያ ሰበሰበ፣ ከዛ ከተከፈተ የሚያስታውቅ ማሸጊያ ይዞ ተመለሰ። አለቀለት የተባለው ምርት ገበያውን መልሶ አገኘ። ጥፋተኛው ማነው የሚለውን ከመከራከር በፊት ሰው እንዳይጎዳ አደረጉ፣ ሰውም እሱን ያዘላቸው።

ስሜን ንግድ ቢሮ አስመዝግቤያለሁ፣ ይበቃል?

ላይበቃ ይችላል። የንግድ ስም ንግድ ቢሮ የምታስመዘግቡት መጠሪያ ነው። የንግድ ምልክት ግን ዕቃው ላይ የሚለጠፈው ስምና ሎጎ ሲሆን የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ለ7 ዓመት ይቆያል፣ ከዛም ይታደሳል። ስማችሁ ከታወቀ በኋላ ሌላ ሰው ማሸጊያችሁን አስመስሎ ቢሸጥ የምትከራከሩት በዚህኛው ነው።

ቦታ ብቀይር ወይም ፔጄ ቢዘጋስ?

በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገድበው ነበር። ቪፒኤን ያለው ገባ፣ የሌለው ቀረ። ሙሉ ሥራው ቴሌግራም ላይ የነበረ ሰው ለአምስት ወር ከደንበኛው ጋር እንዴት እንደተቆራረጠ ያስታውሰዋል። ሱቅም እንደዛው ነው፣ በኮሪደር ልማትም በኪራይ ጭማሪም ይነሳል። የማይነሳው የደንበኞቻችሁ ስልክ ዝርዝር ነው። ደብተር ላይም ይሁን ኤክሴል፣ ስም፣ ስልክ፣ ምን እንደገዛ፣ መቼ። ሰውየውን ግን አስፈቅዱት፣ "አዲስ ነገር ሲኖር መልእክት ብልክልዎ ይፈቅዳሉ?" በሉት፣ በየቀኑ እየላካችሁም አታሰልቹት።

ጎግል ማፕ ላይም ግቡ፣ ነጻ ነው። መንገዱ ስምና ቁጥር በሌለበት ከተማ "ከባንኩ ፊት ለፊት፣ በጀርባ በኩል" ብሎ በስልክ ከማስረዳት ሎኬሽን መላክ ይቀላል። ቦታ ስትቀይሩ አዲስ ፕሮፋይል አትክፈቱ፣ ያለውን አድራሻ አስተካክሉት፣ ሰው የጻፈላችሁ ሪቪው አብሯችሁ ይሄዳል። የድሮው ቦታ ላይ ከተቻለ ከአዲሱ አድራሻ ጋር ወረቀት ለጥፉ፣ ጎረቤት ባለሱቅ፣ ሊስትሮ፣ ፓርኪንግ ሠራተኛ ጋም ካርዳችሁን ተዉ፣ የድሮ ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው።

መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

በላይክ አይደለም። ለሚገዛችሁ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ "ከየት ሰሙን?" ብላችሁ፣ መልሱን ስልኩ ጎን ጻፉት። ከወር በኋላ ማየት ነው።

ለምሳሌ ሴትዮዋ ለአንድ ቲክቶከር 6,000 ብር ከፈለች እንበል። 40 ሰው ጻፈላት፣ 12ቱ ገዙ። አንዱን ገዢ ለማምጣት 500 ብር ወጥቷል ማለት ነው። ከአንድ ኪሎ 150 ብር የምታተርፍ ከሆነ ሰዎቹ አንዴ ገዝተው ከጠፉ ከስራለች። አንዱ ሰው በየወሩ አንድ ኪሎ ለዓመት ከገዛ ግን 1,800 ብር ታገኝበታለች፣ 500ው ተመልሶ ሌላም ይተርፋል። ያው አንድ ቪዲዮ፣ ያው 6,000 ብር፣ አትራፊ ወይም ኪሳራ የሚያደርገው ሁለተኛው ወር ላይ ስንቱ ተመለሰ የሚለው ነው። ስለዚህ ለቀጣዩ ቲክቶከር ከመክፈሏ በፊት ለ12ቱ ትደውል፣ ሽሮው እንዴት ነበር ትበል። ያልተመለሰ ካለም ለምን እንደሆነ ትጠይቀው፣ ጨው በዝቶባቸው ነው፣ ዴሊቨሪው ዘግይቶባቸው ነው፣ ወይስ ስልኳን አጥተውት ነው፣ ሦስቱም በማስታወቂያ አይስተካከሉም።